“መኪናው ቆማለች” ያለው ልጅ ተሳስቷል?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱ? አንዲት ጥያቄ አለችኝ። እኛ ጎንደር ያለን መኪና ወዳድ ልጆች ነን። እሑድ ከሰዓት አዘዞ አንድ ጋራዥ ደጃፍ ተሰብስበን ስለ መኪና ስናወራ እናመሻለን። ባለፈው አንዱ ጓደኛችን ደውሎ “መኪናው ቆማለች፣ ገመድ ይዛችሁ ኑ” አለን። ገመዱን ይዘን ሄድን፤ ግን እስኪበቃን ሳቅንበት። ወይ “መኪናው ቆሟል” ነው፣ ወይ “መኪናዋ ቆማለች” ነው ብለን። ከዚያ እርስ በርሳችን ተጣላን። ግማሻችን መኪና ከጣልያንኛ ስለመጣ ሴት ነው አለ። ግማሻችን ግዑዝ ነገር ሁሉ ወንድ ነው አለ። እርስዎ ይፍረዱን።»

መልስ፦ ልጄ፣ ፍርዱን ራስህ ጽፈህ ልከህልኛል። ደብዳቤህን መልሰህ አንብበው። ከሰላምታው ቀጥሎ ምን ይላል? “አንዲት ጥያቄ አለችኝ።” ጥያቄ ከመቼ ወዲህ ነው ሴት የሆነችው? ፈተና ላይ ስትቀመጥ “ጥያቄው ከበደኝ” ትላለህ እንጂ “ጥያቄዋ ከበደችኝ” አትልም። ለእኔ ስትጽፍ ግን አሳነስካት። “ትንሽ ናት፣ ብዙ አታስቸግርዎትም” ማለትህ ነው። ጨዋ ያሳደገህ ልጅ ነህ። ይህን ሁሉ ትሕትና የተሸከሙት ግን ሁለት ፊደላት ናቸው፦ የ“አንዲት” ት እና የ“አለችኝ” ች።

ስለ ግዑዝ ነገር ጾታ ሰው ሲጠይቀኝ እራቴን እረሳለሁ። ስለዚህ መልሴ ቢረዝም ታገሡኝ።

መጀመሪያ የሳቃችሁበትን ልጅ ነጻ ላውጣው። “መኪናው ቆማለች” በራሱ ስሕተት አይደለም። ይህቺ “-ው” የምትባል ቅጥያ ሁለት እንጀራ ትበላለች። አንደኛ፣ የምናውቀውን ነገር ታመለክታለች። ሁለተኛ፣ አገናዛቢ ናት፤ “የእሱ” ማለት ናት። “-ዋ”ም እንደዚያው። እንግዲህ “መኪናው” ስትል ወይ ያ የምናውቀው መኪና ነው፣ ወይ የሰውዬው መኪና ነው። “መኪናው ቆማለች” ማለት የእሱ መኪና ቆማለች ማለት ነው። ባለመኪናው ወንድ፣ መኪናዋ ሴት። ግልባጩም አለ። “መኪናዋ ቆሟል” ብትል የወይዘሮዋ መኪና ቆመ ማለት ይሆናል፤ መኪናውን ወንድ ያደረገ ሰው እንዲህ ቢል አይከሰስም። “መኪናዋ ቆማለች” ደግሞ ሁለቱንም ትሆናለች። ያቺ መኪና ትሁን የሴትዮዋ መኪና፣ ካልጠየቅህ አታውቅም።

የማን መኪና እንደነበረች አልጻፍህልኝም። የራሱ ከነበረች “መኪናዬ” ማለት ነበረበት፤ ሳቃችሁ ይጸድቃል። የአባቱን ወይም የወንድሙን ተውሶ ከነበረ ግን ልጁ ከሁላችሁም የተሻለ አማርኛ ተናግሯል። ማኪያቶ ትገዙለታላችሁ።

በነገራችን ላይ፣ የሰዋስው ሰውና ሹፌር አንድ ዓይነት ቃል ይጋራሉ። እኛ “ባለቤት” ስንል ድርጊቱን የሚፈጽመውን ነው፤ እናንተ ሊብሬ ላይ ስሙ ያለውን። እኛ “ተሳቢ” ስንል ድርጊቱን የሚቀበለውን ነው፤ እናንተ ከኋላ የሚጎተተውን። አስተማሪ ሳለሁ አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ ዓረፍተ ነገር ጽፌ “ተሳቢው የቱ ነው?” ብዬ ጠየቅሁ። አባቱ የከባድ መኪና ሹፌር የሆነ ልጅ ሳያመነታ “መጨረሻ ላይ ያለው!” አለኝ። በአማርኛ መጨረሻ ላይ ያለው ግሡ ነው። ዜሮ ሰጠሁት። እስካሁን ይጸጽተኛል።

አሁን ወደ ጣልያኑ። ስሙን የማልጠራው አንድ የሙያ ባልደረባዬ ይህንን ዕድሜ ልኩን ሲያስተምረው ኖሯል። “ማኪና በጣልያንኛ አንስታይ ናት፤ አማርኛ ቃሏን ሲወስድ ጾታዋንም አብሮ ወሰደ” ይላል። ሲሰሙት ያምራል። ጎንደር ላይ ሆነው ሲሰሙት ደግሞ የባሰ ያምራል። ጣልያን እዚህ የገባው በመጋቢት 1928 ዓ.ም. በጭነት መኪና ተሰልፎ ነው። የመጨረሻው ትልቅ ጦሩ እጁን የሰጠውም እዚሁ ጎንደር፣ በኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው። በመሃሉ ፒያሳን ሠራ፣ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ ቆረጠ፣ የጋራዥ አማርኛውንም ጥሎልን ሄደ።

ታዲያ የጋራዡን አማርኛ ራሱን ምስክር አድርጌ ልጥራበት። ጎማ በጣልያንኛ ሴት ናት። ባትሪ ሴት ናት። ካንዴላ፣ ፍሬቻ፣ ታርጋ፣ ፖምፓ፣ ሞላ፣ ባላስትራ፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ሁሉም ሴቶች ናቸው። እናንተ ግን ምን ትላላችሁ? “ጎማው ተነፈሰ።” “ባትሪው ሞተ።” “ፍሬቻው አይሠራም።” “ፍሪሲዮኑ ያንሸራትታል።” አንድም ሹፌር “ማርሿ አልገባ አለችኝ” ሲል ሰምቼ አላውቅም። ጾታ ከቃሉ ጋር ተጭኖ የሚመጣ ዕቃ ቢሆን ኖሮ እነዚህ ሁሉ ሴት ሆነው በገቡ ነበር። መኪና ብቻዋን ጾታዋን ይዛ አለፈች፣ የቀሩት ኬላ ላይ ተፈትሸው ተወረሰባቸው ማለት ነው? ጉምሩክ እንኳ እንዲህ አያደላም።

ከጣልያንኛ ያልመጡትንስ ምን እናድርጋቸው? ባጃጅ የህንድ ፋብሪካ ስም ነው፤ ከዚያም በፊት የቤተሰብ ስም ነው። የጎንደር ሰው ግን “ባጃጇ መጣች” ይላል። ቪትዝ ከጃፓን ነው፤ “ቪትዟ” ይባላል። ላዳ ከሩስያ ነው፤ “ላዳዋ” ነው። እነዚህን ስሞች ያወጣችላቸው ሮም አይደለችም።

ጣልያኖቹ ራሳቸውም ቢሆኑ ተጣልተውበታል። ማኪናን አይደለም፤ “አውቶሞቢሌ” የሚለውን ቃል። ወንድ ነው፣ ሴት ናት ሲባባሉ በ1920 እ.ኤ.አ. ገጣሚው ጋብሪኤሌ ዳኑንዚዮ ከፊያት መሥራቾች አንዱ ለነበረው ለጆቫኒ አኜሊ ደብዳቤ ጻፈ። ሴት ናት ብሎ ፈረደ። ማስረጃው የሰዋስው ሕግ አልነበረም። ሞገሷን፣ ሸንቃጣነቷን፣ ቅልጥፍናዋን ነው የቆጠረው። የአዘዞ ጋራዥ ወሬ በገጣሚ አፍ ማለት ነው። ጀርመኖች ደግሞ የዚህ ግልባጭ ናቸው። መርሰዲስ የሴት ልጅ ስም ነው፤ ኤሚል ዬሊኔክ የተባለ የመኪና ነጋዴ ልጅ ነበረች። በጀርመንኛ ግን መርሰዲስ መኪና ወንድ ነው። ልጅቷን ማንም አልጠየቃትም።

ከጀመርሁት አይቀር ቃሏን እስከ ሥሯ ልሸኛት። ጣልያንኛው ከላቲን “ማኪና” ነው። ላቲኑ ከግሪክ፣ ያውም ከዶሪክ ቀበልኛው፣ “ማካና” ከሚለው ነው። ትርጉሙ ብልሃት፣ ዘዴ፣ መሣሪያ ነው። “መካኒክ”ም ከዚሁ ሥር ይወለዳል። ስለዚህ መካኒኩና መኪናዋ የአንድ አያት የልጅ ልጆች ናቸው፤ ለዚህ ይሆናል ሂሳቡን ሲጠይቅ የማያፍር። ማኪያቶ ግን ዘመድ አይደለም። እሱ “ነጠብጣብ ያለበት” ማለት ነው፣ ከሌላ ቤት ነው። ፒያሳ ቁጭ ብላችሁ ሁለቱን እንዳታዛምዱ።

ይህን ሁሉ ያመጣሁት ለአንድ ነገር ነው። መኪና ለእኛም መንገድ ላይ የምትሮጠዋ ብቻ አይደለችም። የስፌት መኪና አለ። የጽሕፈት መኪና አለ። “የጽሕፈት መኪናው ተበላሸ” ብትለኝ ጆሮዬ አይደነግጥም። “መኪናው ተበላሸ” ብትለኝ ግን ቀና እላለሁ። ቃሉ አንድ፣ ጾታው ሁለት። እንግዲህ ጾታው የቃሉ ንብረት አይደለም።

“ግዑዝ ሁሉ ወንድ ነው” ላላችሁት አጭር መልስ አለኝ። ነገ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ “ፀሐዩ ወጣ” በሉና እናታችሁ ምን እንደምትላችሁ ስሙ። ጨረቃም፣ አገርም፣ ከተማም እንደዚያው። ጥምቀት ሲደርስ “ጎንደር ደመቀች” ነው የምንለው። መርከብም ሴት ናት፤ ያውም ጣልያን ከመምጣቱ በፊት። መርከብ የመጣችው መጋለብን፣ መጫንን ከሚያሳየው የሴም ሥር ነው፤ በዕብራይስጥ “መርካባ” ሠረገላ ነው፣ በዐረብኛ “መርከብ” እንደኛው መርከብ ነው። ግእዝማ “ረከበ”ን ለማግኘት ነው የሚያውለው። ግእዝ ደግሞ ግዑዛን ስሞችን አንዴ በተባዕታይ፣ አንዴ በአንስታይ ሲያስኬድ ምንም አይከብደውም። ይህን ሕግ ከየት እንዳመጣችሁት ግን እገምታለሁ። ከዜና ነው። የትራፊክ አደጋ ሲነገር “ተሽከርካሪው ከመንገድ ወጥቶ ተገለበጠ” ይባላል። እዚያው ቆሞ ያየውን ሰው ብትጠይቀው “መኪናዋ ተገለበጠች” ይልሃል፤ ያውም ጭንቅላቱን ይዞ። ተሽከርካሪ የቢሮ ቃል ነው። (ከግእዙ “መንኰራኵር” ጋር ዝምድና አለው ብዬ አምናለሁ፤ ሁለቱም ውስጥ ያው “ከረከረ” ይሽከረከራል። ባልደረባዬ በዚህም አይስማማም።) ለቢሮ ቃል ወንድነት ያምርበታል። መኪና ግን የቢሮ ቃል አይደለችም።

ታዲያ ምንድን ነው ነገሩ? እኔ የምለው ይህ ነው፦ በአማርኛ የግዑዝ ነገር ጾታ የሚናገረው ስለ ዕቃው ሳይሆን ስለ ተናጋሪው ነው። ዕቃውን ምን ያህል እንደቀረብከው፣ እንደናቅኸው፣ እንደፈራኸው ነው የሚያሳየው። አንስታይ ስናደርገው ወይ እያሳነስነው ነው ወይ እያቆላመጥነው። “ይቺ ባቄላ ካደረች አትቆረጠምም” ያለው ሰው ባቄላዋን ሴት ያደረጋት ከጣልያን ተምሮ አይደለም። ገና ለጥርስ የምትመች ትንሽ ነገር ስለነበረች ነው።

ይህንን በመጽሐፍ አልተማርሁትም። ባለፈው ክረምት ጋራዥ ቁጭ ብዬ ነው ያየሁት። ራዲያተሬ ያፈስስ ነበር። መካኒኩ ኮፈኖውን ከፍቶ አጎንብሷል። ረዳቱ ዐሥራ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ካቻቢቴ ይዞ ከጎኑ ቆሟል። ድንገት አንድ ቡሎን ከመካኒኩ እጅ አመለጠ። ኪል፣ ኪል ብሎ ሞተሩ ሥር ገባ። “የት ገባች?” አለ መካኒኩ። “እዚች ጋ ናት መሰለኝ” አለ ልጁ። “ፈልጋት እንጂ፣ በባትሪ እያት!” ልጁ መሬት ተኝቶ አወጣት። “ይቻትና!” በዘይት የተነከረች፣ የጣት ጫፍ የምታህል ቡሎን ናት። መካኒኩ አበሰና በቦታዋ አሰራት። ከዚያ ጎኗ ያለውን፣ የዛገውን ቡሎን ሊፈታ ሞከረ። አልፈታ አለው። ገፋ፣ ሳበ፣ በመዶሻ መታ። “ይሄ ቡሎን አልወጣም አለ! ይሄ ወንድም ጋሼ ዛሬ ያበደ ነው!” አለ። ሁለቱ ቡሎኖች አንድ ፋብሪካ የወጡ ናቸው። ቁጥራቸው አንድ ነው። የጠፋችው “እሷ” ናት፤ ያስቸገረው “እሱ” ነው። ኪሴ ውስጥ ማስታወሻ ስለነበረኝ ጻፍሁት። መካኒኩ ዋጋ የምመዘግብ መስሎት ተጠራጠረኝ።

እናንተ ስትቀላለዱም ያንኑ ነው የምታደርጉት፤ ልብ አላላችሁትም እንጂ። ባጃጇ፣ ቪትዟ፣ ኮሮላዋ ትላላችሁ። ወደ ላይ ስትወጡ ደግሞ ሲኖው፣ ገልባጩ፣ ቡልዶዘሩ ይሆናል። መኪናው በተለቀ ቁጥር ወንድ ይሆናል። ይህ ሁሉም የሚያውቀው ነው። ጨዋታው የሚጥመው ሰው ሆን ብሎ ሲያዛንፈው ነው። አንድ ባለ ቪትዝና አንድ የሲኖ ሹፌር ሲካሰሱ ሰምቻለሁ። የሲኖው ሰው ጀመረ፦ “ይቺን ነገር መኪና ትላታለህ? የኔ ሲኖ እኮ ጉድጓድ መስላው ሊያልፍባት ነበር።” ባለ ቪትዙም፦ “አምስት ሊትር ይዛ ባሕር ዳር ደርሳ ትመለሳለች። ያንተው ከዚህ አዘዞ ሲደርስ ስንት ይጠጣል?” (ባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደርሶ መልስ በአምስት ሊትር ውሸት ነው። ለመኪና ወዳድ ግን ይህ እንደ ውሸት አይቆጠርም።) ሳምንት ሳይሞላ ሲኖው ጭቃ ያዘው። ባለ ቪትዙ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ ድምፁን አለስልሶ፦ “ሲኖዋ ምነው? አሟት ነው?” አለ። ሹፌሩ ድንጋይ ሊያነሳ ነበር። አንዲት “-ዋ” ናት እኮ። ዐሥራ ስድስት ገጽ ስድብ አይተካከላትም።

የሚገርመኝ ግን “አውሬ” ነው። ጥሩ የምትሮጥ መኪና ስታዩ “አውሬ ናት!” ትላላችሁ። አውሬ ራሱ በተለምዶ ወንድ ነው፤ “አውሬው መጣ” ነው። “አውሬ ነው” ብትሉ የቃሉ ልክ ነበር። እናንተ ግን ጥፍሩን ለአውሬው፣ ጾታዋን ለመኪናዋ ትሰጣላችሁ። ማስፈራቱም ማቆላመጡም አንድ ላይ። እንደ ሰዋስው አስተማሪ ሳይሆን እንደ አድማጭ እላለሁ፦ ጎሽ!

ዳገት ላይ ስትንፏቀቅም ይኸው ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ይበልጣል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ይህንን የሚያውቅ ባለ መኪና “ጥፋቷ አይደለም፣ አየሩ ነው” ይላል። ጥፋት የሌለባት እሷ፣ ጥፋተኛው አየሩ። ልጇ ከጎረቤት ልጅ ጋር የተጣላባት እናት የምትናገረው ነው የሚመስለው።

ከወንድና ከሴት ሌላ ሦስተኛ መንገድም አለ። እሱን የጎንደር ሰው ካልሆነ ማን ያውቅበታል? አንቱታ። አንድ ጡረታ የወጣ ወዳጄ አሮጌ ነጭ ቮልስ አለችው። የሰፈሩ ልጆች “እማሆይ” ይሏታል። ጠዋት ቁልፍ ሲያዞር ሞተሩ አልነሳ ይላል። ልጆቹ ያኔ ይሰበሰባሉ። “እማሆይ ዛሬም አልተነሡም?” “ጸሎት ላይ ናቸው መሰል።” ከኋላ ሆነው እየገፉ “ይነሡ እንጂ እማሆይ፣ ቅዳሴ ሊያመልጥዎ ነው!” ሞተር መነሣትና ከእንቅልፍ መነሣት በአማርኛ አንድ ቃል መሆኑን ማን አስተማራቸው? ማንም። እኔን ደስ ያለኝ ግን ሌላ ነው። “ተነሡ” ለወንድም ለሴትም አንድ ነው። አክብሮት ጾታን ይደመስሳል። “መኪናው ነው ወይስ መኪናዋ” እያላችሁ ከምትጣሉ፣ ሁሉንም መኪና አንቱ ብትሉ ክርክሩ ያልቅ ነበር። ሲኖው አንቱ ሲባል ግን ማን ከመንገድ ያወርደዋል?

የኔን ምርጫ ከጠየቃችሁኝ፣ አልደብቅም። “መኪናው” የሚለው፣ “የእሱ” ለማለት ካልሆነ፣ ለጆሮዬ ቆርቆሮ በምስማር ሲፋቅ ነው። ለዚህ ማስረጃ የለኝም። ጣዕም ነው። እንዲያውም ልቤ የሚወደው “መኪናይቱ” ነው። አሁን እሱን የሚል የለም። “ልጅቷ” እያላችሁ “-ት”ንም “-ዋ”ንም ደርባችሁ በአንድ ስም ላይ ትጭናላችሁ፤ “መኪናይቱ” ስላችሁ ግን የቅኔ መምህር ነው ትሉኛላችሁ። ይሁን።

ነገር ግን ዓይኔን ጨፍኜ አልኖርም። የሽያጭ ማስታወቂያዎችን አያለሁ። “መኪናው በጣም ንጹህ ነው፣ ሞተሩ ያልተነካ ነው፣ ኮድ 2 ነው።” ዐሥር ማስታወቂያ ባነብ ስምንቱ ወንድ ያደርጓታል። መጀመሪያ ላይ አንድ ሐሳብ ነበረኝ። ሰውየው ሲነዳት “እሷ” ነበረች፤ ሊሸጣት ሲነሳ “እሱ” አደረጋት፣ እንዳይጸጸት። ለዚህ ሐሳቤ ለሁለት ዓመት ያህል ስደሰት ኖርሁ። ከዚያ ገና ገዝተው ያስመዘገቡት፣ በፍቅር የሚያብዱላት ልጆችም “መኪናው” እያሉ እንደሚጽፉ አየሁ። ሻጭም ገዥም ወንድ ካደረጓት ሐሳቤ ገደል ገባ። ቋንቋው ፈቀቅ ብሏል። እየተናነቀኝ እቀበላለሁ፦ ዛሬ “መኪናው ቆሟል” የሚል ልጅ ተሳሳተ አይባልም። እኔ አልለውም እንጂ።

ነዳጅ የሚጠጣ የቤት መኪና ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ በኋላ ደግሞ ነገሩ ፈጥኗል። የኤሌክትሪኮቹ ስም ራሱ ፊደል ነው፤ ፊደል እንዴት ይቆላመጣል? የእኅቴ ልጅ አንድ ቢዋይዲ ገዛ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ “ቢዋይዲው” ነው። “ቢዋይዲው ድምፅ የለውም አጎቴ።” “ቢዋይዲው ቻርጅ ላይ ነው።” አንድም ቀን “እሷ” ብሎ አያውቅም። በቃ፣ ከእንግዲህ መኪና ወንድ ሆኖ ቀረ ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር።

ባለፈው ሰኞ ማታ ከማራኪ ሰፈር ይዞኝ ሊመለስ ነበር። ዝናብ አለ። ቀኑን ሙሉ መብራት ጠፍቶ ስለዋለ ቻርጅ አላደረገም። ዳገቱ መሃል ላይ መኪናዋ ቀስ አለች፣ ቀስ አለች፣ ቆመች። ልጁ ወደ መስታወቱ ዝናብ አየ፣ ወደ እኔ አየ፣ መሪውን በመዳፉ ዳበስ አደረገ። ከዚያ “ውይ፣ ባትሪዋ አለቀባት” አለ።

“አለቀ” ተባዕታይ ነው፤ ባትሪው በጣልያንኛ ሴት ቢሆንም እዚህ ወንድ ነው። “-ባት” አንስታይ ናት፤ እሷ ቢዋይዲዋ ናት። በዝናብ ውስጥ ቆመን፣ የውስጥ መብራቱን አብርቶልኝ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፌ ለባልደረባዬ ላክሁለት። እስካሁን አልመለሰልኝም።